ሰዓቱ ሞልቷል፤ ተማሪዋስ ተምራለች?

በአሜሪካ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና የሙያ ማረጋገጫ ማግኘት የሚፈልግ ተማሪ ቢያንስ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ ማድረጉን ማስመዝገብ አለበት። 25ቱ ሰዓት ባለሙያ ሲሠራ የሚመለከትበት፣ 375ቱ ራሱ ከታካሚ ጋር የሚሠራበት ነው። በብሪታንያ መለኪያው በግማሽ ቀን የሚቆጠር 150 ክፍለ ጊዜ ነው። አውስትራሊያ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ተማሪው ምን መሥራት እንደቻለ ወደ መመዘን አዘንብላለች። ሦስቱ አገሮች የተለያየ መንገድ ይከተሉ እንጂ የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ተመሳሳይ ነው፤ የተማሪው ቁጥር ጨምሯል፣ ተቀብሎ የሚያለማምደው ተቋም ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ችግሩ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ቦታ ነው። ስንት ሆስፒታል ተማሪ ይቀበላል? ስንት ትምህርት ቤት? ስንት የተሐድሶ ማዕከል? ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ ስልክ ይደውላሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይለምናሉ። ይህ ሩጫ እውነተኛ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ዋናውን እጥረት ይሸፍነዋል። ከሁሉ በላይ የጎደለው ልምድ ያለው ባለሙያ አጠገብ ቆሞ የሚመለከትበት፣ የሚጠይቅበትና ለተማሪው ውሳኔ የሚለቅበት ጊዜ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያሉት የአቆጣጠር ደንቦች ደግሞ ይህንን ጊዜ አያዩትም።

ነገሩን ለመረዳት የሙያውን ስፋት ማሰብ ይጠቅማል። ጡት መጥባት ያቃተው ጨቅላ የዚህ ባለሙያ ታካሚ ነው። በአራት ዓመቱ ሁለት ቃል ማያያዝ ያልቻለ ሕፃን፣ የሚንተባተብ ወጣት፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደና ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ፣ ድምፅዋ የሻከረባት መምህርት፣ በስትሮክ ምክንያት ቋንቋውን ያጣ ሰው፣ በፓርኪንሰን ሕመም ድምፁ እየሰለለ የሄደ አዛውንት፣ ሁሉም ወደ እርሱ ይመጣሉ። አንድ ተማሪ በሁለት ወይም በሦስት የልምምድ ዙር ይህን ሁሉ ማየት አይችልም። የትኛውን እንደሚያይና የትኛውን ሳያይ እንደሚመረቅ የሚወስነው በአብዛኛው ዕድል ነው፤ በዚያ ሴሚስተር በሩን የከፈተው ተቋም ማን ነበር የሚለው ጥያቄ።

ይኸው ባለሙያ የመዋጥ ችግርንም ያክማል፤ ከመስኮቹ ሁሉ ስሕተት በቶሎ ሰውን የሚጎዳበት ይህ ነው። ምግብና አየር ጉሮሮ ላይ የሚተላለፉበት መንገድ አንድ ነው። በምንውጥበት ቅጽበት ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ፣ የአየር ቧንቧው ይጠበቃል። ስትሮክ ይህን ቅንጅት ሲያፋልሰው ውኃና ምግብ ወደ ሳንባ ይገባሉ፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል። አንዳንድ ታካሚዎች ግን ስሜቱ ስለጠፋባቸው ውኃው ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ምንም አያስላቸውም። ባለሙያዎች የሚፈሩት ይህንን ነው።

እንግዲህ አንዲት የልምምድ ተማሪ በስትሮክ ከታመሙ አዛውንት አልጋ አጠገብ ቆማለች እንበል። የተማረችውን ሁሉ በቅደም ተከተል ታደርጋለች። ነቅተው እንደሆነ ታያለች፣ ቀና ብለው እንዲቀመጡ ታግዛለች፣ አፋቸው ንጹሕ መሆኑን ትመለከታለች። ውኃ በማንኪያ ትሰጣለች፤ ጣቶቿን ማንቁርታቸው ላይ አሳርፋ ወደ ላይ ሲነሳ ይሰማታል። ሰውየው ዋጡ፣ አላሳላቸውም። ሁለተኛ ማንኪያ፣ ሦስተኛ ማንኪያ፣ ከዚያ በኩባያ። አሁንም ሳል የለም። ተማሪዋ እፎይ ብላ ማስታወሻዋ ላይ «ያለ ችግር ይውጣሉ» ብላ ትጽፋለች።

ጥሩ ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ተማሪዋን የሚያለማምዳት ባለሙያ፣ እዚህ ላይ አይቆጣም፤ ማስታወሻውንም ነጥቆ አያርምም። ኮሪደሩ ላይ ይጠይቃታል፦ «ከዋጡ በኋላ ድምፃቸውን ሰማሽው?»

አልሰማችውም። ዓይኗ ኩባያው ላይ ነበርና ሰውየው ከዋጡ በኋላ «አ» ብለው እንዲያሰሙ አልጠየቀችም። ተመልሰው ሲገቡና ስታስደርጋቸው ድምፃቸው ውስጥ ውኃ እንደሚንተከተክ ትሰማለች። ትንፋሻቸውም ከመጠጣታቸው በፊት ከነበረው ፈጠን ብሏል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ይቀየራል፤ አሁን ምግብ እንፍቀድ ወይስ የአዋዋጡን ሂደት በኤክስሬይ ቪዲዮ የሚያሳየው ምርመራ እንዲታዘዝ እንጠይቅ? ሱፐርቫይዘሩ መልሱን ያውቀዋል፤ ግን ዝም ይላል። ተማሪዋ ምክንያቷን ደርድራ እንድትወስን ይጠብቃል። ያቺ ተማሪ ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም ታካሚ ድምፅ ሳትሰማ ከአልጋ አጠገብ አትሄድም።

አሁን ወደ ደንቡ እንመለስ። በአሜሪካው አሠራር የሚቆጠረው ተማሪው ታካሚውን ወይም ቤተሰቡን በቀጥታ ሲመረምር፣ ሲያክም ወይም ሲያማክር ያሳለፈው ጊዜ ብቻ ነው። ዝግጅት አይቆጠርም። ሪፖርት መጻፍ አይቆጠርም። ኮሪደሩ ላይ የተደረገችው ያቺ ውይይት አትቆጠርም። ደንቡ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልምምድ የሚባለው ነገር የቢሮ ወረቀት መሙያ ሆኖ እንዳይቀር፣ ተማሪው በእርግጥ ከሰው ጋር ሠርቶ እንዲመረቅ ለማስገደድ ይጠቅማል። ነገር ግን የሚቆጠር ነገር ሁልጊዜ የማይቆጠረውን ይገፋዋል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረውና አርባ ሰዓት ሲጎድል፣ ተማሪውም ሱፐርቫይዘሩም ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ሰዓቱ ይሞላል፤ ጥያቄው ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

ሌላም ልብ የሚያሳዝን ንጽጽር አለ። በዚያው ደንብ መሠረት ሱፐርቫይዘር ለመሆን የሙያ ማረጋገጫ ካገኙ በኋላ ቢያንስ የ9 ወር የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድና ስለ ሱፐርቪዥን የተሰጠ የ2 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ተማሪዋ ለማከም 400 ሰዓት፣ አስተማሪዋ ለማስተማር 2 ሰዓት። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ ሲውል እርምጃው በራሱ ወደፊት መራመድ ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ማከም መቻል ማስተማር ከመቻል ጋር አንድ እንደሆነ የሚቆጥር አስተሳሰብ አሁንም ከሥር አለ። ሱፐርቫይዘሩ ተማሪው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶውን በቀጥታ መመልከት አለበት የሚለው ደንብም እንዲሁ ነው። 25 በመቶው ዝቅተኛው ወለል ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ እንደ ተማሪው ደረጃ ከፍ ማለት እንዳለበት ደንቡ ራሱ ይናገራል። ሥራ የሚበዛበት ተቋም ውስጥ ግን ወለሉ ጣሪያ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ከተጻፈ ቆይቷል። ጂን አንደርሰን የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሥራ ሱፐርቪዥንን በሦስት ደረጃ የሚጓዝ ሂደት አድርገው አቅርበውታል። መጀመሪያ ሱፐርቫይዘሩ ይመራል፣ ይገመግማል። ቀጥሎ ሁለቱ አብረው ያቅዳሉ፣ አብረው ይተነትናሉ። በመጨረሻ ተማሪው ራሱን መቆጣጠር ይችላል። ይህ ጉዞ ቀጥ ያለ መስመር እንዳልሆነም አስረድተዋል፤ ሕፃናትን በማከም ራሱን የቻለ ተማሪ የጉሮሮ ቱቦ የገባለት ታካሚ ፊት ሲቆም እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሱፐርቫይዘር ከሁለት ስሕተት አንዱን ይሠራል። ወይ ተማሪውን እስከ መጨረሻው ቀን እጁን ይዞ ይመራዋል፣ ወይ «አራተኛ ዙርህ ነው፣ ታውቀዋለህ» ብሎ ገና በመጀመሪያው ቀን ይለቀዋል።

በመካከለኛው ደረጃ ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ላንሳ። በስትሮክ ቋንቋቸውን ያጡ ሰዎች አእምሯቸው አልጠፋም፤ ሐሳቡ አለ፣ ቃሉን ፈልጎ ማውጣቱ ነው የሚያስቸግራቸው። አዲስ ተማሪ ከእነርሱ ጋር ሲቀመጥ የሚከብደው ዝምታው ነው። ሥዕል ያሳያል፣ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፣ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ አይችልም። ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጩ ላይ ሌላ ፍንጭ ይጨምራል። በመጨረሻ ቃሉን ራሱ ይናገረዋል። ታካሚው ቃሉን ሊያወጣ አፉን መክፈት ጀምሮ ነበር፤ ተማሪው ግን አላየውም፣ ቀጣዩን ካርድ እያነሳ ነበርና። ይህን ለተማሪው በቃል ቢነግሩት አያምንም። በታካሚው ፈቃድ የተቀረፀውን ቪዲዮ አብረው ተቀምጠው ሲያዩ፣ ማን ምን ያህል እንደተናገረ ራሱ ሲቆጥር ግን ፊቱ ይለወጣል። በሚቀጥለው ቀን ጠያቂው ተማሪው ነው፤ «ስንት ሰከንድ ልጠብቅ? ተስፋ መቁረጡን በምን አውቃለሁ?» ይላል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በሰዓት መመዝገቢያው ላይ የሚውለው ድርሻ ዜሮ ነው።

ታዲያ ባለሙያዎች ይህን ጊዜ ለምን አይሰጡም? ንፉጎች ስለሆኑ አይደለም። አብዛኛው የጤና ተቋም ባለሙያውን የሚመዝነው በቀን ስንት ታካሚ አየ በሚል ነው። ተማሪ የያዘ ባለሙያ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው ይጓተታል፤ የታካሚው ኮታ ግን አይቀነስለትም። የገንዘብ አከፋፈሉም አያግዝም። በአሜሪካ ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን የመድን ፕሮግራም የተመላላሽ ሕክምናን በሚሸፍነው ክፍል መሠረት ተማሪው የተሳተፈበት ሕክምና የሚከፈልበት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ሲመራ ነው። ታካሚን ለመጠበቅ የወጣ ተገቢ ደንብ ነው። ሆኖም ባለሙያው ጎን ለጎን ሌላ ታካሚ ማየት ስለማይችል ተማሪ መቀበል ለተቋሙ ወጪ ይሆናል። ወጪውን የሚጋራው አካል ማን እንደሆነ ያልተወሰነበት አገር ውስጥ ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው በጥቂት በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ነው። እነርሱም ከዓመት ዓመት ሲይዙ ቆይተው ይደክማሉ።

ተማሪዎችም ይከፍላሉ። ልምምዱ በአብዛኛው ደመወዝ የለውም፤ ሙሉ ቀን ስለሚወስድም የትርፍ ጊዜ ሥራ ያስቆማል። ከሚኖሩበት ርቀው የተመደቡ ተማሪዎች ሁለት ቤት ይከራያሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ልምምድ ላይ ላሉ ተማሪዎች በመንግሥት ደረጃ ሳምንታዊ ድጎማ መክፈል ጀምራለች፤ ድጎማው ግን ለመምህርነት፣ ለነርስነት፣ ለአዋላጅነትና ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ነው። የንግግር ሕክምና ተማሪዎች አልተካተቱም። ይህ መታረም ያለበት ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቹ የሚሠሩት ልምምድ ከነርስ ተማሪዎች ልምምድ ያነሰ አይደለምና። ከዚህም ሌላ ልምምዱን የሚችሉት ቤተሰብ የሚደግፋቸው ብቻ ሲሆኑ ሙያው የአንድ ወገን ልጆች ሙያ ይሆናል። ብዙ ቋንቋ በሚናገር ሕዝብ መካከል የሚሠራ ሙያ ባለሙያዎቹም ከብዙ ቋንቋ ካልመጡ ይጎዳል።

ብዙም በአደባባይ የማይነገር ሌላ ጉዳይ አለ፤ ያልበቃ ተማሪን ማሳለፍ። ሱፐርቫይዘሩ ተማሪው እንዳልበቃ ያውቃል፣ ግን ያሳልፈዋል። ልጁን ሲያውቀው ያሳዝነዋል፤ የወደቀ ተማሪ ማስረጃና ስብሰባ እንደሚያስከትል ያውቃል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ያየው ነገር ለመፍረድ ይበቃል ወይ ብሎም ይጠራጠራል። «ቀጣዩ ሱፐርቫይዘር ያየዋል» ብሎ ይፈርማል። ቀጣዩም እንዲሁ ያደርጋል። በሌሎች የጤና ሙያዎች ውስጥም የሚታወቅ ክስተት ነው። የሚያስገርመው ሁለት ጊዜ ብቻ የታየን ተማሪ መጣልም ማሳለፍም እኩል አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህም ቢሆን ተመልሶ የሚወስደን ወደዚያው ወደ ጎደለው ጊዜ ነው።

የቀረቡት መፍትሔዎች በርካታ ናቸው። በጣም የተወራለት ሲሙሌሽን ነው፤ የሠለጠነ ተዋናይ የታካሚን ሚና ይጫወታል ወይም ተማሪው በኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ታካሚን ይመረምራል። የአሜሪካው ደንብ ከ400ው ሰዓት እስከ 75 ሰዓት ድረስ በዚህ መንገድ እንዲሸፈን ይፈቅዳል። በአውስትራሊያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተሳትፈውበት በዕጣ ምደባ የተካሄደ ጥናት ከልምምዱ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህሉ በሲሙሌሽን የተተካላቸው ተማሪዎች ሙሉውን ጊዜ ከእውነተኛ ታካሚ ጋር ካሳለፉት በብቃት እንዳላነሱ አሳይቷል። ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። ሲሙሌሽን ውስጥ ተማሪ ሰው ሳይጎዳ ይሳሳታል፤ ያንኑ ነገር ደግሞ ይሞክራል፤ በልምምድ ላይ በዕድል ብቻ የሚገኘውን ብርቅ ችግር ሁሉም ተማሪ እኩል ያየዋል። ነገር ግን ጥሩ ሲሙሌሽን ትምህርት የሚሆነው ከተግባሩ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው፤ ያንን ውይይት የሚመራውም ልምድ ያለው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ሳይገኝ ተዋናዩና ኮምፒውተሩ ብቻ ከቀሩ የቀረው ጨዋታ ነው።

ሁለት ተማሪዎችን ለአንድ ሱፐርቫይዘር መመደብ እኔ ይበልጥ የምደግፈው አሠራር ነው። ባለሙያዎች መጀመሪያ ሲሰሙት ይሸሹታል፤ ሥራው በእጥፍ የሚጨምር ይመስላቸዋል። በሚገባ ከታቀደ ግን ሁለቱ ተማሪዎች ሱፐርቫይዘሩን የሚጠይቁትን ግማሹን እርስ በርሳቸው ይመልሱታል። አንዱ ሲያክም ሌላው ይመዘግባል፤ ለሱፐርቫይዘር የማይናገሩትን ፍርሃት ለባልንጀራቸው ይናገሩታል። ሁኔታው የሚበላሸው ሁለቱ በችሎታ በጣም ሲራራቁና ደካማው ከጠንካራው ጀርባ ሲደበቅ ነው። ይህ ደግሞ አስቀድሞ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

በቪዲዮ ጥሪ የሚሰጠው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ በግድ ተስፋፋ። ለመንተባተብና ለቋንቋ ሕክምና ይሠራል፤ ሱፐርቫይዘሩም ሳይታይ መመልከት ይችላል። ጣት ማንቁርት ላይ ማሳረፍ ግን በስክሪን አይቻልም።

ብቃትን የሚለካው አካሄድም ቢሆን ያለ ሰው አይቆምም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀችው ኮምፓስ የተባለው የምዘና መሣሪያ ተማሪው ከጀማሪ ወደ መካከለኛ፣ ከዚያም ሥራ ለመጀመር ወደሚያበቃው ደረጃ መድረሱን ይከታተላል። ከሚመዝናቸው ነገሮች መካከል ማመዛዘን፣ መግባባት፣ ራስን እያስተማሩ መቀጠልና ሙያዊ ሥነ ምግባር ይገኙበታል። «ሰዓትህ ሞልቷል?» ከሚለው ይልቅ «ምን ትችላለህ?» ብሎ መጠየቁ እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም የተማሪን ማመዛዘን ለመለካት ሲያመዛዝን መስማት ያስፈልጋል። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ከሌለ ሱፐርቫይዘሩ የምዘና ቅጹ ላይ በግምት ምልክት ያደርጋል።

ስለዚህ ማስተካከያው የት ይጀምር ቢባል ከሱፐርቫይዘሩ የሥራ ሰዓት ነው እላለሁ። ተማሪ የያዘ ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታካሚ ኮታው በጽሑፍ ይቀነስለት። ማስተማሩ በደረጃ ዕድገቱ ላይ ይታሰብለት። ዩኒቨርሲቲው በሴሚስተሩ አጋማሽ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ከመሄድ ይልቅ የራሱን መምህር በሳምንት አንድ ቀን ተቋሙ ውስጥ ያስቀምጥ። በደንቡም ላይ ከቀጥተኛ ሕክምናው ጎን ለጎን ከታካሚ በኋላ የሚደረግ ውይይት የራሱ ዝቅተኛ መጠን ይኑረው፤ የታካሚውን ሰዓት ሳይቀንስ፣ ከእርሱ ጋር ተቆጥሮ። የብሪታንያው የሙያ ኮሌጅ እያንዳንዱ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ በዓመት ቢያንስ 25 የልምምድ ቀን እንዲሰጥ ማሳሰቡ ሸክሙን ከጥቂቶች ወደ ሁሉም ለማከፋፈል የተደረገ ጥሩ ሙከራ ነው። ግን ቀኑን የሚሰጠው ባለሙያ ጊዜ ካልተሰጠው ቀኖቹ መልሰው ባዶ ሰዓት ይሆናሉ።

በልምምድ ያልታየ ነገር የሚወድቀው የመጀመሪያው የሥራ ዓመት ላይ ነው። በአሜሪካ አዲስ ተመራቂ ሙሉ ማረጋገጫ ከማግኘቱ በፊት ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአማካሪ ሥር ይሠራል፤ አማካሪው ከዚህ ሁሉ በቀጥታ እንዲመለከት የሚገደደው 18 ሰዓት ነው። አንድ የመዋጥ ምርመራ እንኳን ሳያይ የተመረቀ ባለሙያ ሆስፒታል ሲቀጠር አማካሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አነስተኛ ነው፤ ዲግሪው ላይ የተጻፈው ልምምዱ መጠናቀቁ ብቻ ነውና። ስለዚህ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ነገ ጠዋት ያለ ምንም በጀት ሊጀምረው የሚችለው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ምን ዓይነት ታካሚዎችን እንዳየና የትኞቹን ጨርሶ እንዳላየ በግልጽ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ይስጠው፤ ያንንም ገጽ ቀጣሪው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ያንብበው።